በፍርድ የሄደች በቅሎ

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በኮንግረሱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሥራ ማግኘትሽን እናትሽ ስትነግረኝ ተመስገን ብያለሁ። «ጋሼ፣ አሜሪካ በሰው አገር ዴሞክራሲን ትደግፍ ወይስ መረጋጋትን?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ግን በስልክ ገረፍ ገረፍ አድርጌ ልመልሰው አልፈለግሁም። ይኸው ጻፍኩልሽ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ቢሮሽ ውስጥ ቶሎ የምትሰሚው ክርክር እኛም ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አይደሉም። ኢራቅን አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባግዳድ በተያዘች በወር ከመንፈቅ ገደማ የአሜሪካው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር በአንድ ትእዛዝ የኢራቅን ጦር በተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መሣሪያ የለመደ ወንድ ሥራውንም ክብሩንም አጥቶ ቤቱ ገባ፤ ከዚያ የሆነውን ታውቂዋለሽ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። መንግሥት ሲፈርስ ደስ የሚለው መንግሥት በሌለበት አገር አድሮ የማያውቅ ሰው ነው። ዴሞክራሲን በታንክ ጭነን እናድርስ የሚል ሐሳብ ጠረጴዛሽ ላይ ከመጣ እምቢ በዪ። በዚህ አልደራደርም።

ግን ሰይጣኑን እናውቀዋለን የሚሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ አያውቁትም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1953 የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች ተባብረው ነዳጁን ለአገሩ ያደረገውን የኢራን ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅን አስወርደው ሻሁን አጸኑ። ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ኢራን የተመቸች ወዳጅ መሰለች። በ1977 የፈረንጆች ዘመን መለወጫ ዋዜማ ፕሬዚዳንት ካርተር በቴህራን ራት ላይ ጽዋቸውን አንስተው አገሪቱን በተናወጠ አካባቢ ያለች የመረጋጋት ደሴት አሏት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በቆም ከተማ ተቃውሞ ፈነዳ። ዓመት ከጥቂት ቀናት ቆይቶ ሻሁ ከአገር ወጡ፤ በዚያው በ1979 ኅዳር ላይ ኤምባሲው ተያዘና 52 አሜሪካውያን ለ444 ቀናት ታገቱ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ ማኒላ ልውሰድሽ፤ ከሁሉም አብልጠሽ እንድታጠኚው የምፈልገው ይህን ነው። የፊሊፒንሱ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስም እንደ ሻሁ የዋሽንግተን የልብ ወዳጅ ነበር፤ ክላርክና ሱቢክ የሚባሉት ታላላቅ የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች በአገሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1986 ምርጫ ተደርጎ ድምፁ ሲጭበረበር፣ ቆጠራውን በኮምፒዩተር ያስገቡ የነበሩ ሠራተኞች እነሱ ያስገቡትና ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ቁጥር አልገጥም ቢላቸው ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው። ማርቆስ በሌሊት ለፕሬዚዳንት ሬገን የቅርብ ወዳጅ ለሴናተር ፖል ላክሳልት ደወለ። ሬገን እንድወርድ ይፈልጋሉ ወይ አለው። ሴናተሩ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሆኜ መናገር አልችልም ሲል መለሰ። እንግዲያው አንተስ ምን ትላለህ ሲባል ግን ጊዜው ደርሷል፣ በአንድ ጊዜ ቁርጥ አድርገህ ተወው አለው። መስመሩ ጸጥ አለ፤ ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ ላክሳልት አለህ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማርቆስ የመለሰው በጣም፣ በጣም አዝኛለሁ የሚል ብቻ ነበር። በዚያው ዕለት ማታ ከቤተ መንግሥቱ ወጣ።

ልብ በዪ፤ ምርጫውን ያስከበሩት ፊሊፒናውያን ራሳቸው ናቸው። አሜሪካ ለዚያውም ዘግይታ ያደረገችው ለወዳጇ እውነቱን መናገርና መውጫ ማዘጋጀት ነው። ከዚያ በኋላም አገሪቱ ገነት አልሆነችም። በማርቆስ ቦታ በተተኩት በኮራዞን አኪኖ ላይ ወታደሮች ደጋግመው አምፀዋል፤ የማርቆስ ልጅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 በምርጫ ተመልሶ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የአሜሪካ ጥቅምስ? የፊሊፒንስ ሴኔት እ.ኤ.አ. በ1991 በ12 ለ11 ድምፅ የሱቢክን ውል አናድስም አለ። አሜሪካኖቹ ዕቃቸውን ሸክፈው በሚቀጥለው ዓመት ወጡ። እንደ ቴህራኑ ኤምባሲ አልተያዘም፣ ዲፕሎማትም አልታገተም። ኋላም በስምምነት፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2014ቱ ውል፣ ወታደሮቻቸው ወደዚያው አገር እንዲመላለሱ በሩ ተከፈተ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይላል የእኛ ሰው። እኔ አንድን አገር ተረጋጋ የምለው የተሸነፈው ወገን ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ ሲወስደው ነው። ድምፁ በትክክል የተቆጠረለት ሰው ቢሸነፍም ሌላ ጊዜ አለኝ ይላል። የተነጠቀው ግን ዝም ያለም ቢመስል ቀን ይጠብቃል።

የእኛንም ሳልነግርሽ ባልፍ ሆዴ አይችልም። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ሳይነጋ ተሰልፎ መረጠ። ውጤቱ ሲያወዛግብ ሰኔ 1 ቀን አዲስ አበባ ላይ ወጣቶች በጥይት ወደቁ። ሰኔ 13 ቀን ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ኮንዶሊዛ ራይስ በካይሮው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቆመው፣ አገራቸው በመካከለኛው ምሥራቅ ለ60 ዓመት በዴሞክራሲ ኪሳራ መረጋጋትን ስትፈልግ ሁለቱንም እንዳላገኘች ተናገሩ። እውነት ነው፣ ደፋር ቃልም ነበር። ነገር ግን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። በሰኔውና ኋላ በጥቅምት በተደገመው ግድያ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መሞታቸውን ቆጠረ፤ በ1999 ሠራዊቱ ሶማሊያ ሲገባ ዋሽንግተን ከጎኑ ቆመች። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ጋዜጠኛውንና ጦማሪውን ማሰሪያ ሆነ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015፣ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ የፓርላማውን 547 ወንበር ጠቅልለው በወሰዱ ማግስት፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ላይ ያን መንግሥት በዴሞክራሲ የተመረጠ አሉት። በጥቂት ወራት ውስጥ ኦሮሚያ ተነሳች፣ አማራም ተከተለ፣ በ2009 መግቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለውጡ ሲመጣም ሁሉም ወገን የሚያምነው ዳኛ ስላልነበረን፣ በእኛው 2013 የተጣላነው በጦር ሆነ። ይህን ያመጣነው በመጀመሪያ እኛው ነን፤ በውጭ ሰው አላሳብብም። ግን ዳኛው እንዳይበቅል መሬቱ ሲረገጥ ያመሰገነው ወዳጅ ድርሻ አለው።

እዚህ አሜሪካ ያለው ወገናችን ዝም አላለም። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ሽማግሌው ባልቴቷ ሳይቀር የእንደራሴዎችን ቢሮ እያንኳኳ እንደራሴው ዶናልድ ፔይን ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲ ያቀረቡት ኤችአር 2003 የሚባለው ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሴኔቱ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ያ ረቂቅ ያለፈው አንቺ አሁን በገባሽበት ኮሚቴ በኩል ነው።

እንግዲህ አንቺ ፖሊሲ አትወስኚም፤ ማስታወሻ ታዘጋጂያለሽ፣ የደብዳቤ ረቂቅ ታነቢያለሽ። እሱም ቀላል አይደለም። በዴሞክራሲ የተመረጠ የሚል ሐረግ ስታገኚ ድምፁን ማን ቆጠረ፣ ማን ታዘበ ብለሽ ጠይቂ፤ መልስ ከሌለ ሐረጉን ሰርዢው። የሌሂ ሕግ የሚባለውን አጥኚ፤ አገርን በሙሉ ሳይቀጣ፣ ሰው የገደለና ያሰቃየ የጦር ክፍል የአሜሪካ እርዳታ እንዳያገኝ የሚከለክል ነው። ስለዚህ የትኛው ክፍለ ጦር፣ በየትኛው ከተማ የሚል ጥያቄ ከእጅሽ አይጥፋ። የተመረጠ መሪ በጦር ሲገለበጥ እርዳታ እንዲቆም የሚያዘውም ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የግብጹ ፕሬዚዳንት ሙርሲ ሲወርዱ ግን ዋሽንግተን መፈንቅለ መንግሥት ነው ወይም አይደለም ማለቱን ራሱ ተወችው። ለግብጽ ጦር በዓመት የሚሰጠው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ስለሚያሳሳ ነው። ከፊሉ ተይዞ ቆይቶ ኋላ ተለቀቀ። እኔ ያን ዝምታ እንደ ትልቅ ጥፋት እቆጥረዋለሁ፤ አንቺ ሙርሲም አጥፍተዋል ትዪኛለሽ፣ አልክድም፤ ግን የሚያጠፋን መሪ የሚያወርደው የሚቀጥለው ምርጫ ነበር። ለፋሲካ ስትመጪ በዚህ እንከራከራለን። እናትሽን ሳሚልኝ።