ላሟን ከመግዛትሽ በፊት

ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ክልስ ላሞች ገዝተሽ ወተት ልትሸጪ መነሣትሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። አገሩ ደጋ ነው፤ ለወተት ላም ይስማማል። የጻፍሽውንም እቅድ አየሁት። የአንድ ቀኑን ወተት በሊትሩ ዋጋ፣ ያንን ደግሞ በ30 አባዝተሽ የወሩን ገቢ አውጥተሻል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆንብሽ ግን እሰጋለሁ። ወተት የማይሸጥበትን ቀንና ላሚቱ የምትነጥፍበትን ጊዜ አልቆጠርሽም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ፍልሰታ 15 ቀን አለ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ረቡዕና ዓርብ፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር፣ ዓመቱን ሙሉ አሉ። ሰው ሲጾም ላሚቱ ትበላለች፣ ትታለባለችም። ስለዚህ መናጫው ከላሚቱ ጋር አብሮ ይታሰብ። በጾሙ የናጥሽውን ቅቤ አንጥረሽ ካቆየሽ ፋሲካ ሲደርስ ፈላጊው ብዙ ነው። ለፈሳሹ ወተት ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶችሽንና ሆቴሎቹን ዛሬውኑ አነጋግሪ፤ ጾም ከገባ በኋላ ደንበኛ ፍለጋ መዞር ወተቱን ያስደፋል።

ሌላው ነገር፣ ላም ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል መታለብ የለባትም። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከገዛሽና እርግዝናቸው ከገጠመ፣ ቤትሽ ባንድ ጊዜ ይደርቃል። እኔን ብትሰሚኝ አሁን አንዷን ብቻ ግዢ። የሁለተኛዋን ዋጋ ለመኖና ለሐኪም አስቀምጪው፤ እሷን እቁብሽ ሲደርስ ትገዣታለሽ፣ የሚወልዱበትም ጊዜ ይራራቃል። ሰው ምን ይላል አትበይ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲባል ሰምተሻል።

የመኖውን ነገር አደራ። ጭድ የሚገዛው አዝመራ ሲወቃ፣ ታኅሣሥ ጥር ላይ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ዝናብ የማያገኘው ማስቀመጫ አስቀድመሽ ሥሪ። ሰኔ ላይ ጭድ የሚፈልግ ሰው ሻጩ የጠራውን ይከፍላል። ፋጉሎና ፉርሽካውንም ብር አጠረኝ ብለሽ አትቀንሺ፤ የቀነስሽው በማግሥቱ ከባልዲው ይጎድላል።

ንግድ ፈቃድ ካወጣሽ በኋላ እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቂ።

ግዢው ላይ ደግሞ ጡቷ ተወጥሮ ስላየሽ ብቻ አትመኚ፤ ሳትታለብ አድራ የመጣች ልትሆን ትችላለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። ሻጩ ቤት ሂጂ፣ ማታም ጠዋትም ፊትሽ ትታለብ፣ ወተቱን ራስሽ ለኪው። የእንስሳት ሐኪም ጡቷንና እርግዝናዋን ሳያይ ቀብድ እንዳትከፍዪ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።