ቃል ሲያስከፍል

ውድ ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት፣ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ግድብ፣ ጣት ለምታህል ዓሣ ሲባል መቆም አለበት? ከደመወዙና ከኪሱ ለግድብ ያዋጣ ሕዝብ ልጆች ናችሁና መልሳችሁን እገምታለሁ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ታሪኩን ስሙ።

በ1973 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት ሊጠፉ የተቃረቡ ፍጥረታትን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። የተቃወመው እምብዛም አልነበረም፤ ንስርን መጠበቅ ማን ይጠላል? በዚያው ዓመት ግን የቴሊኮ ግድብ በሚሠራበት በሊትል ቴነሲ ወንዝ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ የምትበላ ትንሽ ዓሣ ተገኘች። መኖሪያዋ ወራጅ ውኃ ስለሆነ፣ ወንዙ ከተገደበ ትጠፋለች ተባለ። አንድ የሕግ ተማሪና መምህሩ ከሌሎች ጋር ሆነው ከሰሱ። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ሕጉ ሕግ ነውና ግድቡ ይቁም ሲል ፈረደ።

ምክር ቤቱ ጉዳዩን የሚመዝን ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴውም ግድቡን መጨረስ እንደማያዋጣ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በ1979 ግን ግድቡን ከሕጉ ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ በበጀት ሕግ ውስጥ ገብቶ ጸደቀ። ውኃውም የገበሬዎችን ማሳና የቼሮኪ ሕዝብን ጥንታዊ መንደሮች ዋጠ።

ዓሣዋ በሌሎች ወንዞች ተርፋ፣ በ2022 ከአደጋ ዝርዝር ወጣች። «ታዲያ ምን ጠፋ?» ትሉ ይሆናል። የጠፋው ቃል ነው። ምንም በማያስከፍልበት ቀን የተገባው ቃል፣ ሲያስከፍል በጓሮ በር ወጣ።

ግድብ አይሠራ አላልኩም። ለጨለመ ጤና ጣቢያ መብራት ማድረስ ባልንጀራን መውደድ ነው። ሕግ ከከበደም በግልጽ ተከራክሮ ማሻሻል ይቻላል። ነገር ግን መዝሙር 15 በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረውን ሰው ሲገልጽ፣ ቢጎዳበትም እንኳ ቃሉን የማያጥፍ መሆኑን ይነግረናል።

እኛስ? በኮንፈረንሱ ሌሊት እጃችንን አንሥተን የገባነው ቃል ዛሬ የት አለ? ጌታ በርካሽ የምትሸጠውን ድንቢጥ እንኳ እንደማይረሳ አስተምሮናል። የእኛም ቃል የሚፈተነው በትልልቆቹ ፊት አይደለም፤ ብንረሳው ማንም የማይጠይቀን ትንሹ ፊት ነው። በዚህ ሳምንት በቡድናችሁ ተወያዩበት፤ ቃል ገብታችሁለት የረሳችሁት ትንሽ ማን ነው?