ለሌለ ሰው የፈሰሰ እንባ

የሰው ልጅ ዓይኑ ላላየው ነገር ልቡን የሚከፍት ፍጡር ነው። ከእሳት ዳር ተቀምጦ ተረት የሚሰማ ሕፃን በተረቱ ውስጥ ላለችው የእንጀራ ልጅ ያለቅሳል፤ ያደገውም ሰው በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ተቀምጦ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ጠባይ በጎ ነውን፥ ወይስ ከንቱ? በእውነት ላልኖረ ሰው የፈሰሰ እንባ ከምሕረት ሥራ ይቈጠራልን? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ አይደለም፤ በየቤታችን በየምሽቱ የሚነሣ ነው። ስለዚህም ከሩቅ ምሥራቅ አገሮች የሚመጡትን ተከታታይ ድራማዎች ምሳሌ አድርገን በመጠኑ ልንመረምረው ወደናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ከነዚህ ድራማዎች መካከል ስሙ በዓለም እጅግ የታወቀው የጃፓኑ «ኦሺን» ነው። ደራሲዋ ሱጋኮ ሃሺዳ ትባላለች። ኤን ኤች ኬ የተባለው የጃፓን ማሠራጫ ድርጅት ከሚያዝያ 1983 እስከ መጋቢት 1984 ድረስ ጠዋት ጠዋት፥ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ የሚፈጅ 297 ክፍል አድርጎ አቀረበው። ተመልካቹ በበዛበት ቀን መጠኑ በመቶ 62.9 ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ከ60 በሚበልጡ አገሮች ታይቷል። ታሪኩም እንዲህ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በያማጋታ አውራጃ የሚኖሩ ድሆች ጭሰኞች የሚበሉት ቢያጡ፥ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ኦሺንን ለአንድ ዓመት እንድታገለግል ለእንጨት ነጋዴ ቤት ይሰጧታል። ዋጋዋም አንድ ጆንያ ሩዝ ነው። በበረዶ መካከል በሞጋሚ ወንዝ ስትወርድ አባቷ በዳር በዳሩ ይሮጣል። አያቷ ከሰጠቻት ከአንዲት የ50 ሴን ገንዘብ በቀር ሀብት የላትም፤ እርሷንም ሰርቀሻል ብለው ይወስዱባታል።

ይህን ድራማ ወደ ቤታችን ያስገባችው በኮሌጅ የምትማረው ልጃችን ናት። የሩቅ ምሥራቅ ድራማ እጅግ ትወዳለችና፥ የግርጌውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለእናቷ ጮክ ብላ እየተረጐመች ሁላችንም አብረን ተመለከትን። ኦሺን ከቤተሰቧ በተለየችበት ምሽት ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ። በዚያን ጊዜ ከጓዳው በር ድምፅ ተሰማ፦ «እትዬ፥ ልጂቱ ወደ እናቷ ትመለስ ይሆን?»

ይህን የጠየቀችው በቤታችን የምታገለግል፥ ከገጠር የመጣች፥ ዕድሜዋ ከ12 የማይበልጥ ልጅ ናት። ሳሙና የነካውን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆማ ነበር። ባለቤቴም ያለ አንዳች ክፋት «በይ ሳሕኑን ጨርሺ፤ ኋላ ትነግርሻለች» አለቻት። ልጂቱ ተመለሰች፤ እኛም ለኦሺን ማዘናችንን ቀጠልን።

ሌሊቱን ነገሩን ሳሰላስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የልጂቱን ደመወዝ እንሰጥ የነበረው ለእርሷ አልነበረም፤ ይዟት ለመጣው አጎቷ ነበር። እንግዲህ የአንዱ ጆንያ ሩዝ ነገር በጃፓን አገር ከመቶ ዓመት በፊት ያለፈ ታሪክ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «እንግዲያስ ድራማ ማየት ይቅር» ይለን ይሆናል። ይህ አሳብ ያለ መሠረት አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ፥ በኋላም በቁስጥንጥንያ ሳለ ሕዝቡ ወደ ቴአትር መሮጡን አጥብቆ ይገሥጽ ነበር። አውግስጢኖስም በወጣትነቱ በመድረክ ላይ ለሚታየው መከራ ማልቀሱን ኋላ እያስታወሰ፥ ተመልካቹ ያዝን ዘንድ እንጂ ይረዳ ዘንድ የማይጠየቅበት ርኅራኄ ምን ዓይነት ርኅራኄ እንደ ሆነ ራሱን መርምሯል። ዳሩ ግን የእኛ ጥፋት በቴሌቪዥኑ ውስጥ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ባይኖርም ልጂቱ በጓዳ ነበረች። ድራማውን ብንተወው ኖሮ ጥያቄዋን ሳንሰማው እንቀር ነበር እንጂ ከዚያ የተሻለ ነገር ባላደረግንላት ነበር።

ሌላው ሰው ደግሞ «እንባው ራሱ በጎ ነው፤ ልብ አለመድረቁን ያስረዳል» ይላል። ይህም በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን እንባው ወደ ኦሺን ሲፈጥን ወደ ጓዳችን ለምን ዘገየ? ምክንያቱ ሦስት ይመስለናል። አንደኛው፥ ኦሺን ከእኛ የምትሻው ነገር የለም፤ ምግብና መኝታ፥ ደመወዝና ትምህርት ቤት አትጠይቀንም። ሁለተኛው፥ የኦሺንን ልብ ደራሲዋ ከፍታ ታሳየናለች፤ ሌሊት ብቻዋን ስታለቅስ እናያታለን። የሠራተኛችንን ሌሊት ግን ማንም አላሳየንም፤ የምናየው ያልታጠበውን ሳሕንና የተሰበረውን ብርጭቆ ነው። ሦስተኛው፥ ኦሺን በደረሰባት በደል እኛ ድርሻ የለንም፤ ስለዚህ ያለ ሥጋት እንፈርዳለን።

ይህ ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል። በታኅሣሥ 2022 እና በመጋቢት 2023 በሁለት ጊዜ ተከፍሎ የቀረበው፥ ኪም ኡን ሱክ የደረሰችው «ዘ ግሎሪ» የተባለ ባለ 16 ክፍል የኮሪያ ድራማ አለ። ሙን ዶንግ ኡን የምትባል ድሀ ተማሪ ጓደኞቿ በጋለ የጠጕር መተኰሻ ገላዋን ያቃጥሏታል፤ ካደገች በኋላ ለብዙ ዘመን በትዕግሥት በቀሏን ታዘጋጃለች። ተመልካች ሁሉ ከእርሷ ጋር ይቆማል፤ በዳዮቿም ሲወድቁ ይደሰታል። እኔም ተደስቻለሁ። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የበደሉት ያቃጠሏት ልጆች ብቻ አይደሉም። በደሏን ብትናገር በጥፊ የመታት መምህር አለ፤ ገንዘብ ተቀብላ ከትምህርት ቤት መውጣቷን በፊርማዋ ያጸደቀች እናት አለች። እኛ ተመልካቾች ሁላችን ከተበዳይዋ ጐን ስንቀመጥ፥ በመምህሩና በእናቲቱ ወንበር የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። በዓለም ላይ ግን እነዚያ ወንበሮች ባዶ ሆነው አያውቁም።

ነቢዩ ናታን ብዙ በጎች ስላሉት ባለጸጋና አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድሀ ለንጉሥ ዳዊት በነገረው ጊዜ፥ ንጉሡ እጅግ ተቈጥቶ ፈረደ። የተነገረው ታሪክ ምሳሌ ነበር፤ ቍጣው ግን እውነተኛ ነበር። ነቢዩ በዚያ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ ንጉሡ ራሱን ለፍትሕ ቀናኢ አድርጎ እየቈጠረ ወደ አልጋው በሄደ ነበር። የነቢዩ ሥራ የተፈጸመው ባለጸጋው ራሱ ንጉሡ መሆኑን በገለጠለት ጊዜ ነው። ድራማ ግን ናታን የለውም፤ ያንን የመጨረሻ ቃል ተመልካቹ ለራሱ ካልተናገረው የሚናገርለት የለም። በእኛ ቤት የተናገረችው ያቺ ልጅ ናት፤ እርሷም ምን እንደ ተናገረች አላወቀችም።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ለዚህ ደግሞ ሌላው የኮሪያ ድራማ «ዴ ጃንግጉም» መልካም ምሳሌ ይሰጠናል። ይህ ድራማ ከመስከረም 2003 እስከ መጋቢት 2004 በ54 ክፍል የቀረበ ሲሆን፥ ከ1506 እስከ 1544 በነገሠው በንጉሥ ጁንግጆንግ ዘመን በዜና መዋዕል ስሟ የተነሣውን ሴት ሐኪም መነሻ ያደረገ ነው። ጃንግጉም ገና ሕፃን ሳለች በቤተ መንግሥቱ ማእድ ቤት መምህርቷ የሆነችው እመቤት ሃን የሚጠጣ ውሃ እንድታመጣላት ታዝዛታለች። ልጂቱ የሞቀም የቀዘቀዘም እያመጣች ብትመላለስ መምህርቷ አትቀበላትም። በመጨረሻ ልጂቱ ውሃውን ከማቅረቧ በፊት «ሆድዎን ያምዎታልን? ጕሮሮዎንስ?» ብላ ትጠይቃለች፤ በዚህ ጊዜ መምህርቷ ትደሰታለች። ትምህርቱ የውሃ ትምህርት አልነበረም፤ ከመስጠት በፊት የተቀባዩን ነገር መጠየቅ እንዲገባ ነው።

እኛ ለልጂቱ ምግብና ልብስ ሰጥተናት ነበር፤ አንድ ጊዜም አልጠየቅናትም። ከጥቂት ቀን በኋላ ከአጠገባችን አስቀምጠን «እናትሽን ካየሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አልኋት። ከመመለሷ በፊት የትኛው መልስ እንደሚወደድ ለማወቅ የባለቤቴን ፊት አየች። ቀጥላም «ሁለተኛ ፋሲካዬ ነው፥ ጋሼ» አለች። ለአጎቷ የከፈልነውን ያህል ለእርሷ ዳግመኛ ከፍለን፥ ባለቤቴ ራሷ ይዛት ሄዳ ከእናቷ እጅ አስረከበቻት። መመለሱንና መቅረቱን ለእነርሱ ተውንላቸው፤ እስካሁን አልተመለሰችም። ሳሕኑን አሁን ልጃችን ታጥባለች። ይህን የጻፍነው ለመመስገን አይደለም፤ ሊደረግ ከሚገባው ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቷልና።

«ኦሺን»ን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ታሪኩን የምታስታውሰው አሮጊቷ ኦሺን መሆኗን ያውቃል። በብዙ ድካም ሀብታም ሆናለች፤ ቤተሰቧ 17ኛውን ትልቅ ሱቅ በሚከፍትበት ቀን ግን ቤቷን ትታ ትሰወራለች። አዲሱ ሱቅ የጥንት ባለውለታዋን ቤተሰብ ንግድ የሚጐዳ ነበርና፥ የልጇ ልብ በዚህን ያህል የደነደነው እርሷ በምን ስለ ተሳሳተች እንደ ሆነ ለመመርመር ወደ ልጅነቷ አገር ትመለሳለች። ለአንድ ጆንያ ሩዝ የተሰጠችው ልጅ እንኳ መከራዋ ብቻውን ቤቷን ከጭካኔ አልጠበቀላትም። መከራን የቀመሰች ኦሺን እንዲህ ከሆነች፥ መከራዋን በመስኮት ብቻ ያየን እኛማ በእንባችን እንዴት እንተማመናለን?

ስለዚህ ለሌለ ሰው የሚፈስ እንባ ኃጢአት ነው አንልም፤ ጽድቅም ነው አንልም። ዕዳ ነው እንላለን። ካለቀስን በኋላ በአጠገባችን ላለው ሰው ልንከፍለው ይገባል። አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ድራማ የሚታይ ከሆነ አትቈጣ፤ ሲያበቃ ግን ቤተሰብህን ሰብስበህ ይህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ዛሬ ያለቀስንለትን ሰው የሚመስል በደጃችን ወይም በጓዳችን ማን አለ?