አውቆ የተኛ አይጠየቅምን?

"አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም" ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚወቅሰው ላለመስማት የወሰነውን ሰው ነው። ከዚህ ቀጥሎ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሰውዬው አውቆ በተኛበት ሰዓት በተከራዩ ልጅ ላይ ጉዳት ቢደርስ፣ "እኔ ምንም አላወቅሁም" ማለቱ ከተጠያቂነት ያድነዋልን?

ጥያቄው የፈላስፎች የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አይደለም። አሮጌ ቤት የሚያከራይ፣ የሚሸጥ ወይም የሚያድስ ሁሉ የሚጋፈጠው ጉዳይ ነው። ለዚህም የእርሳስ ቀለምን አብነት አድርገን እንመልከት።

እርሳስ ስንል ተማሪ የሚጽፍበትን ሳይሆን ከባዱን ብረት ማለታችን ነው። ውህዱ ለብዙ ዘመን ከቤት ቀለም ጋር ሲቀላቀል ኖሯል። ቀለሙን ቶሎ ያደርቀዋል፣ ያጠነክረዋል፣ እርጥበትም እንዲቋቋም ያደርገዋል። ቀለሙ ሳይነካ ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ ያን ያህል አያሰጋም። ክፋቱ የሚጀምረው ሲሰነጠቅ፣ ሲላጥና ሲፋቅ ነው። መስኮትና በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለም ከቀለም ጋር ይፋተጋል፤ ዓይን የማያየው ብናኝም ወለል ላይ ይወርዳል። ወለሉ ደግሞ የሕፃናት ሜዳ ነው። ሕፃን ይድሃል፣ እጁን ይልሳል፣ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከተዋጠው እርሳስ ውስጥ የሕፃን ሰውነት የሚቀበለው መጠን አዋቂ ሰው ከሚቀበለው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል።

ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በግልጽ በሚታይ ሕመም አይመጣም። ትምህርት የማይገባው፣ ልቡ የማይረጋ ልጅ ሆኖ ይታያል፤ ወላጅም መምህርም "ሰነፍ" ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1979 ኸርበርት ኒድልማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር የተማሪዎችን የወተት ጥርስ ሰብስበው መረመሩ። በጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች የታመሙ አይመስሉም ነበር፤ በአእምሮ ፈተና ግን ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች "ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም" የሚሉት መጠን የለም።

ለመሆኑ ይህ መቼ ታወቀ? በ1904 በአውስትራሊያ ክዊንስላንድ ሎክሃርት ጊብሰን የተባሉ የዓይን ሐኪም ሕፃናቱን የመረዛቸው የቤታቸውና የበረንዳቸው ቀለም መሆኑን ጽፈው አሳወቁ። በ1921 የዓለም የሥራ ድርጅት ነጭ እርሳስ በቤት ውስጥ ቀለም ላይ እንዳይውል የሚገድብ ስምምነት አወጣ። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውለውን የእርሳስ ቀለም የከለከለችው ግን በ1978 ነው። በመካከሉ ያለፉት ሰባ አራት ዓመታት የእውቀት እጦት ዘመን አልነበሩም። እውቀቱ ነበር፤ ጠፍቶ የነበረው የሚፈልገው ሰው ነው።

ክልከላው የሚመለከተው አዲሱን ቀለም እንጂ ግድግዳ ላይ ያለውን አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ግምት እንደሚያሳየው ከ1940 በፊት ከተሠሩት ቤቶች 87 በመቶ ያህሉ የእርሳስ ቀለም አለባቸው። ስለዚህ በ1992 ሌላ ሕግ ወጣ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው ስለ እርሳሱ የሚያውቀውን አስቀድሞ እንዲገልጽ ያዛል። ነገሩ የተወላገደው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ከተሞችና ክፍላተ ግዛት የራሳቸው ጠንከር ያለ ሕግ ቢኖራቸውም፣ ይህ የአገሪቱ ሕግ "የምታውቀውን ተናገር" ይላል እንጂ "መርምረህ እወቅ" አይልም። ያስመረመረና ያገኘ መናገር አለበት። ያላስመረመረ ግን "አላውቅም" ብሎ ይፈርማል። "አታስመርምር፤ ካወቅህ ትገደዳለህ" የሚለው ምክር ከዚህ ተወለደ። እውነትን ለማስነገር የወጣው ሕግ ሳያስበው ላለማወቅ ጉርሻ ሰጠ።

ባለቤቱን ብንጠይቀው መልሱ ዝግጁ ነው። "አልዋሸሁም። አላውቅም አልኩ፤ በእርግጥም አላውቅም። ቀለሙን የቀባሁትም እኔ አይደለሁም።" እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ታዲያ ሕሊናችን ለምን አይቀበለውም?

ዊልያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብና የፍልስፍና ሰው በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ የአንድ መርከብ ባለቤትን ምሳሌ አንስቷል። መርከቡ አርጅቷል፤ ባለቤቱ ጥርጣሬ ገብቶታል። ማስመርመሩ ወጪ ስላለው ጥርጣሬውን አባብሎ ያስተኛዋል፤ መርከቡም ደህና ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። መርከቡ ከነሰዎቹ ይሰጥማል። ክሊፎርድ እንደሚለው ባለቤቱ ጥፋተኛ ነው። እምነቱ የውሸት ስለሆነ ሳይሆን፣ ያንን እምነት የመያዝ መብት ስለሌለው ነው። እንዲያውም መርከቡ በሰላም ቢደርስ እንኳ ጥፋቱ ያው ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን ያልሰማ የለም። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እውነቱን ነበር፤ ዝናቡን እሱ አላመጣውም። ነገር ግን የተጠየቀው ዝናቡን ለምን አመጣህ ተብሎ አይደለም፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግኸውም ተብሎ ነው። የዛሬውን ባለቤት "እኔ አልቀባሁትም" ማለት ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በእርግጥ ያ ሻጭ እርጥቡን ያውቅ ነበር፤ የእኛው ሰው አላውቅም ይላል። ልዩነቱ ግን እጁን ወደ ክምሩ ላለማስገባት መጠንቀቁ ብቻ ነው። የማይጠረጥር ሰው ደግሞ እንዲህ አይጠነቀቅም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት አለማወቅ አለ። አንደኛው ያልደረሰን እውቀት ነው፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። ሁለተኛው ደጃችን ድረስ መጥቶ በር የዘጋንበት ነው። ሁለቱን ለመለየት ቀላል መመዘኛ አለ፤ የአለማወቁን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ስለ ራሴ ጤና አለማወቅን ብመርጥ በአብዛኛው የምጎዳው እኔ ነኝ። የቤቱ ባለቤት አላውቅም ሲል ግን ገንዘቡ በኪሱ ይቀራል፤ ዕዳው ወደ ሁለት ዓመት ሕፃን ይተላለፋል። ሕፃኑ አልፈረመም፣ አልተጠየቀምም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ባለቤት ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። አንዲት ክፍል አከራይታ የምትተዳደር ባልቴት ቀለሙን ሙሉ በሙሉ የምታስነሳበት ገንዘብ ከየት ታመጣለች? ተከራዩም ቢሆን ከነገረ እንዳይባረር ወይም ኪራይ እንዳይጨመርበት ፈርቶ ዝም ይላል። ይህ እውነት ነው፤ የሰው ግዴታም በአቅሙ ልክ ነው። ነገር ግን ድህነት የማስወገድን ግዴታ ሊያቀልል ይችላል እንጂ የመናገርን ግዴታ አያነሳም። "ቤቱ አሮጌ ነው፤ አልተመረመረም፤ ከልጆች ጋር ተጠንቀቁ" ማለት ሳንቲም አያስወጣም። ብዙው ጥንቃቄም ውድ አይደለም። ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የሕፃናትን እጅ ከምግብ በፊት ማጠብ፣ የተላጠውን ቦታ ከልጆች ማራቅ ይቻላል። አደገኛው ነገር ቤት አሳምራለሁ ብሎ ቀለሙን በደረቁ መፈግፈግ ወይም በእሳት ማቃጠል ነው፤ የተኛውን መርዝ በአንድ ቀን ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል። ቀለሙን ማንሳት የግድ ከሆነ ሥራውን ለሠለጠነ ባለሙያ መስጠት፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡርን ከቤት ማስወጣት ይገባል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ አሮጌ ቤቶች ተከራይተው ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን አሉ፤ ቤት ገዝተው የሚያከራዩም አሉ። በአገራችንም በ2018 የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 የሚሊዮን እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ ከዚያ በፊት የተቀባውን በርና መስኮት አልፋቀውም። የሸማቹም፣ የቀለም ነጋዴውም፣ የቀቢውም ጥያቄ ያው ነው።

ሕግ የሚጠይቀን ያወቅነውን ነው። ሕሊና ግን ማወቅ ስንችል የሸሸነውንም ይጠይቀናል። በሕግ ፊት "አላውቅም" ብሎ ፈርሞ መውጣት ይቻል ይሆናል። ልብን የሚያውቅ ጌታ ፊት ግን አውቆ የተኛና በእርግጥ የተኛ ተለይተው ይታወቃሉ።