ሁለት አልጋዎች

በኢትዮጵያ ደጋማው ገጠር ቀን የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል፣ ከውስጥ የሚሰማው መልስ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል ነበር። ይህ አጭር መልስ የደግነት ቃል ብቻ አይደለም፤ ስለ ንብረት የተሰጠ ፍርድም ነው። ቤቱን በገዛ እጁ ማገር ማግሮ፣ ጭቃ መርጎ፣ ሣር ከድኖ የሠራው ባላገር፣ እንግዳ በመጣበት ሰዓት «የእኔ ነው» የሚለውን ቃል ከአንደበቱ ያነሣል። ራሱንም ከእንግዳው ጋር እኩል የቤቱ አዳሪ ያደርጋል። እንግዳውም በበኩሉ እግሩን ታጥቦ፣ የቀረበለትን ቀምሶ፣ የመጣበትን አገር ወሬ አውግቶ፣ ሲነጋ ቤቱን መርቆ ይሄዳል። ገንዘብ አይከፈልም፤ ይህ ማለት ግን ዕዳ የለም ማለት አይደለም።

ጥያቄው የሚነሣው ለእንግድነት ዋጋ በተቆረጠለት ጊዜ ነው። ሰው ላደረበት አልጋ ከከፈለ በኋላ የሚቀርበት ዕዳ አለን? የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ያየው ቅርስስ፣ ከቤተ መዘክሩ ደጃፍ እንደ ወጣ ከእርሱ ጋር ያለው ጉዳይ ያበቃልን? ይህን ለመመርመር በአዲስ አበባ ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴልና በዙሪያው ካሉት ታሪካዊ ስፍራዎች የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በዚያ አካባቢ እንግድነትና ቅርስ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉና።

ሆቴሉ በ1898 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ብጡል አሳቢነት ከመመሥረቱ በፊት፣ ወደ ከተማይቱ የሚዘልቁ የውጭ አገር እንግዶች በመኳንንት ቤት ወይም በድንኳን ያርፉ ነበር። እህልን በገንዘብ ገዝቶ መብላት በዘመኑ ሰው ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር፣ ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ ደፍሮ የሚገባ ያገር ሰው ጠፋ፤ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ገብተው ከበሉ በኋላ ሒሳቡን ከፈሉ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ንጉሥ በሚስቱ ምግብ ቤት ከፍሎ ሲበላ ነገሩ ለሒሳብ ሠራተኛ ፌዝ ሊመስል ይችላል። ለሥነ ምግባር መርማሪ ግን ታላቅ ትምህርት አለበት። በጌታ ማዕድ የሚቀመጥ ድኻ ከእንጀራው ጋር ውለታን ይጎርሳል፤ ደጅ ይጠናል፤ የማያምንበትን ያወድሳል። ከፍሎ የበላ ሰው ግን ቀና ብሎ ይወጣል። ገንዘብ እንግዳን ከባለውለታነት ቀንበር ነጻ አውጥቶታል። ስለዚህ የድሮው እንግዳ አቀባበል በጠቅላላው የተሻለ፣ የሆቴሉ ደግሞ በጠቅላላው የከፋ ነው ማለት ከእውነት የራቀ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ከውለታ ነጻ የወጣ ሁሉ ከግዴታ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። በክረምት ወራት ለትምህርት ወይም ለጉዳይ ከጠቅላይ ግዛት የመጣ አንድ መምህር በሆቴሉ ጓሮ ካሉት ርካሽ ክፍሎች አንዱን ያዘ እንበል። የከፈለው ለአልጋ፣ ለአንሶላ፣ ለውኃ፣ በወል ለሚገለገልበት መጸዳጃ ነው። በማግሥቱ ወደ ዋናው ሕንጻ ገብቶ የእንጨቱን ደረጃ ሲወጣ ግን ያልከፈለበትን ነገር ይረግጣል። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፉ እግሮች ያለዘቡት ሳንቃ ከእግሩ ሥር ሲጥ ይላል። ይህን ድምፅ ማን ሸጠለት? ዋጋውስ ስንት ነው? በደረሰኙ ላይ የተጻፈው የዛሬ አገልግሎት ብቻ ነው፤ ትናንት ግን በነጻ ተጨምሮለታል። ከተከፈለው በላይ የተቀበለ ሰው ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቀና ብሎ ቢሄድ፣ ዕዳ አለበት።

ያው መምህር ከሆቴሉ ሲወጣ ጥቂት እንደ ተራመደ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል። በፈረስ ላይ ያለው የንጉሡ ሐውልት በጣሊያን ወረራ ዘመን ከስፍራው ተነሥቶ ከነጻነት በኋላ የተመለሰ ነው። ከዚያው ፊት ለፊት ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ ታቦቱ ወደ ዓድዋ የዘመተ፣ ራሱም በፋሺስቶች እሳት የተለበለበ፣ ኋላም በአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች ያጌጠ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚሁ አቅራቢያ ቆሟል። የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ አራት ኪሎን አልፎ ሽቅብ ቢያቀና ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ከፍ ብሎም ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ሐውልትና የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይጠብቁታል። ቤተ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ ወዲህ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ይዟል። ይህ ሁሉ ታክሲ ለማይገኝለት ሰው እንኳ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው።

በገነተ ልዑል ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን መንገደኛው ሁለት አልጋዎችን አየ ማለት ነው። አንደኛው በጣይቱ ሆቴል ጓሮ ያለው፣ ትናንት ሌላ ሰው ያደረበት፣ ነገም ሌላ የሚያድርበት የእርሱ አልጋ ነው። ሁለተኛው ማንም የማይተኛበት፣ ነገር ግን ሁሉም ቆሞ የሚያየው የንጉሡ አልጋ ነው። የመጀመሪያው የሚኖረው አገልግሎት ስለሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚኖረው ከአገልግሎት ስለ ወጣ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ነው በእውነት የተጠበቀው?

አንድ ወገን በመስተዋት ውስጥ ያለው ነው ይላል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተርፏል፤ በብሔራዊ ሙዚየም ለተመልካች የሚቀርበው አምሳያዋ ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተከማችቶ ይኖራል። እጅ ሁሉ ቢዳስሳት ኖሮ ሚሊዮን ዓመታት ያልጨረሷትን አንድ ትውልድ በጨረሳት ነበር። አገልግሎት ያደክማል፤ ያቃጥላልም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የተነሣው እሳት በግቢው የነበረውን ጃዛምባ የተባለውን የጃዝ ሙዚቃ ቤት አውድሞ ዋናውን ሕንጻም ጎድቷል። መብራት የሚበራበት፣ ምጣድ የሚጣድበት፣ ሰው የሚያድርበት ቤት ሁልጊዜ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ሌላው ወገን ግን እንዲህ ሲል ይመልሳል፦ ሰው የተለየው ቤት ቶሎ ይፈርሳል። ጭስ የሌለውን ጎጆ ምስጥ ይበላዋል። ቅርስ ከሕዝቡ ኑሮ ተነጥሎ በመስተዋት ሲዘጋበት፣ ባለቤቱ የነበረው ሕዝብ ተመልካች ይሆናል፤ ተመልካች ደግሞ ይሰለቻል። ጣይቱ ሆቴል ባለቤትነቱ ከዘውድ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ግለሰብ ሲተላለፍ፣ ከተቃጠለም በኋላ ተጠግኖ በሩ ሲከፈት፣ ያቆየው ነገር የእንግዳ አለመቋረጥ ነው። በጦም ቀን ምሳ ሊበላ የገባ ጸሐፊ፣ ጠላ ቤትና ሙዚቃ ቤት ሲያስስ የመጣ ወጣት፣ ሻንጣውን በትከሻው የተሸከመ የሩቅ አገር ተጓዥ፣ ሁሉም ሳያውቁት የቤቱ ዘበኞች ነበሩ።

ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። በዚያው በስድስት ኪሎ ግቢ ያለ አንድ ሌላ ነገር ሦስተኛ መንገድ ያሳያል። በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት በእርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው ይባላል። ከድል በኋላ ደረጃውን መናድ ይቻል ነበር፤ እንዳለ መተውም ይቻል ነበር። የተደረገው ግን ከጫፉ ላይ አንበሳ ማስቀመጥ ነው። ደረጃው አልጠፋም፤ ፍቺው ግን ተለወጠ። የጠላት ሥራ ሳይቀር ሳይፈርስ ሊመሰክር ይችላል ማለት ነው። ተከታዩ ትውልድ ባገኘው ላይ የራሱን ቃል ሲጨምር፣ ያለፈውን አልሰረዘም፤ ራሱንም ዝም አላሰኘም።

ይህ አስተሳሰብ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ከባድ ፈተና ገጠመው። በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ብዙ የጥበብ ሰው አዘነ። ኀዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ሆኖም ኀዘንም መመርመር ይገባዋል። ቆርቆሮው በሚያፈስ፣ ግድግዳው በዘመመ፣ አንድ መጸዳጃ ለብዙ አባወራ በሆነበት ቤት የኖረችውን እናት ማንም በቤተ መዘክር ውስጥ ኑሪ ብሎ ሊፈርድባት አይችልም። አንድ ሌሊት በርካሽ አልጋ አድሮ «ምን ያለ ውብ ሰፈር ነው!» ብሎ የሚሄድ እንግዳና በዚያ ሰፈር ዕድሜዋን የገፋችው ሴት እኩል አይደሉም። ውበቱ ለእርሱ፣ ፍሳሹ ለእርሷ ደርሷልና። በሌላው ሰው ችግር የሚቆይ ቅርስ፣ ቅርስ ከመባሉ በፊት በደል ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ይፍረስ» ማለትም ሌላ በደል ነው። ቤቱ ሲፈርስ የሚሄደው ጭቃና ማገር ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ዕድር፣ የቡና አጣጭ፣ «እዚህ ጋ እኮ እገሌ ይሰፋ ነበር» የሚለው የሰው አድራሻም አብሮ ይሄዳል። የሚያፈሰውን ጣራ መክደን፣ የጎደለውን መጸዳጃ መሥራት፣ ነዋሪውን ከነትዝታው ማቆየት የሚቻልበት ቦታ ሁሉ፣ ማፍረስ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አሳብ ሊሆን አይገባውም። ከዚያ ሳይደርስ የሚያፈርስ ትውልድ ለአንድ ሌሊት ተከራይቶ ሳለ የቤቱን ምሰሶ ለማገዶ የሚፈልጥ እንግዳን ይመስላል።

እዚህ ላይ የድሮው ባላገር ቃል ትርጉሙ ይሰፋል። ቤቱ የእርሱ ሆኖ ሳለ «የእግዜር ነው» ያለው ሰው፣ በርስቱ ላይ ራሱ እንግዳ መሆኑን ተገንዝቦ ነበር። ትውልድም እንዲሁ ነው። የሠራውን ከተማ እንኳ ለዘለዓለም አይኖርበትም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በባለቤትነት የያዘ ሰው እንዲንከባከበው ያስገድዳል፤ ሕግ ሊደርስ የሚችለው ግን በስም ወደሚታወቀው ባለይዞታ ነው። ያደረው፣ ያየው፣ ያለፈው ሰው ሁሉ የሚዳኘው በእንግዳ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም ቀላል ነው፤ ለሚቀጥለው የተቀመጠውን አለመጨረስ፣ ያዩትን ለሌላ ማውራት፣ ሲሄዱም ቤቱን መመረቅ። መምህሩ ወደ አውራጃው ተመልሶ ለተማሪዎቹ ስለዚያ ጠመዝማዛ ደረጃ ከነገራቸው ዕዳውን በከፊል ከፍሏል።

ባለቤቶችም ግዴታ አለባቸው። የአልጋውና የመግቢያው ዋጋ ከአንድ መምህር ኪስ በላይ የወጣ ዕለት፣ ቅርሱ በቦታው እንደቆመ ከሕዝቡ እጅ ይወጣል። እሳትና አፍራሽ መሣሪያ ቅርስን በአንድ ቀን ያጠፋሉ፤ ውድነት ግን ድምፅ ሳያሰማ ያጠፋል። ቀለሙ የታደሰ፣ መስተዋቱ የተወለወለ፣ ነገር ግን ያገሩ ልጅ የማይገባበት ቤት ከፈረሰ ቤት በምን ይለያል?

በሆቴል ሕግ እንግዳ ሊያደርገው የሚገባ የመጨረሻ ነገር አለ። ሲነጋ ክፍሉን ለቆ ቁልፉን ይመልሳል። ቁልፉ ሌሊቱን ሙሉ በኪሱ ነበር፤ በሩን የመዝጋትም የመክፈትም ሥልጣን ነበረው። የሚመሰገነው ግን በዚያ ሥልጣን አይደለም። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው፣ ስሙንም የማያውቀው ሰው፣ በዚያው ቁልፍ የሚከፈት በርና የሚያርፍበት አልጋ ካገኘ ነው።