የአባቶች ዐፅምና የጎረቤት ክብር

በጣና ሐይቅ፥ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም በክብር ተጠብቆ ይኖራል። እኛም ለሞቱ ወላጆቻችን በ40ኛው ቀን ተዝካር የምናወጣው ትንሣኤ ሙታንን ስለምናምን ነው። ነገር ግን ዐፅምን ማክበር ዘርን ወደ መቊጠር ሲለወጥ ትዕቢት ይሆናል።

በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ በእስልምና ሃይማኖት የሚኖሩ የወይጦ ወገኖቻችን፥ አባቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብለው፥ ብዙ ዘመን ከማዕድ ተለይተው ተንቀዋል። ይሁን እንጂ በደንገል ታንኳ ሥራ የታወቁት ጠቢባን እነርሱ ናቸው።

ምእመናን ሆይ፥ መጥምቁ ዮሐንስ በአብርሃም ልጅነት የሚመኩትን ገሥጿል (ማቴ. 3፥9)፤ የሁላችንም አባት አንድ አዳም ነው። ስለዚህ በተዝካራችን ቀን ይህን ጎረቤታችንን ጠርተን፥ እርሱ የሚበላውን አዘጋጅተን አብረነው እንቀመጥ፤ አባቱን በእውነት የሚያከብር የሌላውን አባት አይንቅምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።