ንብ አጥር አታውቅም

በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከሳምንት ገደማ በኋላ ከጅማ ወደ አጋሮ የሚሄድ ሰው ቡናው ማበቡን ከመኪና ሳይወርድ በሽታው ያውቃል። ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ይለብሳል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ አበባው ይጠወልግና ይረግፋል። በእነዚያ ቀናት በአበባው ላይ የምትተራመሰው ንብ ከየት መጣች? እስከዚያስ ማን አበላት? ጥያቄው የግብርና ይመስላል፤ እኔ ግን የእምነትም ጥያቄ ነው እላለሁ።

አስቀድመን ነገሩን እንየው። የእኛ ቡና፣ አረቢካ፣ በራሱ ብናኝ ማፍራት ይችላል። ስለዚህ «ያለ ንብ ቡና የለም» ብላችሁ ብታስተምሩ ገበሬው ይስቅባችኋል። ንብ ስትጎበኘው ግን ፍሬው ይበዛል፤ ዴቪድ ሩቢክ የተባለ ተመራማሪ በፓናማ ቡና ላይ አጥንቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ጭማሪው ከ50 በመቶ እንደሚበልጥ አስፍሯል። ንቧ ታዲያ ለሦስት ቀን ድግስ ብላ ዓመቱን ሙሉ ጾሟን አትጠብቅም። የቀረውን ጊዜ የምትኖረው በሌላ አበባ ነው። በመስከረምና በጥቅምት አደይ አበባና መጭ አለ። በበጋው ጎረቤቶቻችን ኤቢቻ የሚሉት ግራዋ ያብባል። ከቡናው በኋላ ብሳናና ነጭ ማር የሚሰጠው ገተም ተራቸውን ይይዛሉ። ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው ለቡናው ጥላ ሆነው ለንቧ ደግሞ ማዕድ ይዘረጋሉ። ከዚህ ተራ አንዱ ቢጎድል ንቧ ያን ወር ትራባለች ወይም ሌላ አገር ትሄዳለች።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግራዋውን በአጥራችሁ ላይ ያቆያችሁት እናንተ ብትሆኑም ንቧ ሄዳ የምትሠራው በጎረቤታችሁ ቡና ላይ ነው። ጎረቤታችሁ ደግሞ አበባ ባለበት ሰዓት ጫቱን ወይም በቆሎውን መድኃኒት ቢረጭ የምትሞተው ከእናንተ ቀፎ የወጣችው ናት። ንብ አጥር አታውቅም፤ የይዞታ ደብተርም አታነብም።

ዘፍጥረት 2፥15ን እናውቀዋለን፤ ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲሠራባትና እንዲጠብቃት ነው። ሁለት ምዕራፍ አልፎ፣ በ4፥9፣ ቃየል ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ ኃላፊነቱን የሚያራግፈው በዚያው ግስ ነው፤ በዕብራይስጡ «ሻማር»፣ በአማርኛውም «መጠበቅ»። ይህን ስብከት ማሳመሪያ አድርጌ አላነሣሁትም። በቡና አገር ሁለቱ ጥበቃዎች በአንድ ድርጊት ሲገናኙ በዓይን ይታያል፤ ግራዋውን የነቀለ ሰው የነካው የራሱን አጥር ብቻ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ነፍስ ሳይድን ስለ ንብ ምን አስጨነቀን?» ትሉ ይሆናል። ይህን የሚለውን ወጣት አልንቀውም፤ ቅናቱ ለጌታ ነው። የምጠይቀው ግን አለኝ። በዘጸአት 23፥11 ምድሪቱ በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ሲታዘዝ፣ ከድሆች የተረፈው ለዱር እንስሳ እንዲሆን ተነግሯል። እንስሳው በሕጉ ውስጥ ስሙ ተጠርቷል። እግዚአብሔር ያልረሳውን እኛ ለመርሳት ምን ፈቃድ አለን?

የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ሩብ ሄክታር ያለው ቤተሰብ፣ ቡናው በዓመት አንዴ ሲደርስለት ጫቱ ደጋግሞ ይቆረጥለታል፤ የልጆቹ ደብተር የሚገዛው ከዚያ ነው። ለእርሱ ሄዶ «ለንብ ቦታ ተው» ማለት በሰው እራት ላይ መስበክ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ስብከት አልሰብክም። የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ግን የማንም እራት አይደለም። እርሱን ምን አደረግነው? ሲሚንቶ ለበስነው፤ የተረፈውን ሣር አድርገን በየሳምንቱ እናጭዳለን። የጎጃምና የጎንደር ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያው ሲመነጠር በአጥራቸው ውስጥ ዛፉን ማቆየታቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከእነርሱ ለመማር ማፈር የለብንም።

ስለ ጥቅም ብቻ ካወራን ደግሞ ጣዝማን እናጣታለን። ጣዝማ የማትናደፍ፣ በመሬት ውስጥ የምትኖር ትንሽ ንብ ናት። ማሯ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ሰው ቆፍሮ ያወጣዋል፤ ቤቷ በዚያው ይፈርሳል። ማርም ሰም የማይሰጡ፣ ለብቻቸው በአፈርና በደረቅ እንጨት ቀዳዳ የሚኖሩ ሌሎች ንቦችም አሉ፤ ብዙዎቻችን ዝንብ ብለን እናልፋቸዋለን። በዘፍጥረት 1 ፍጥረት መልካም መሆኑ የተነገረው ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። ስለዚህ የእነዚህ ዋጋ የሚመዘነው በእኛ የቡና ኩንታል አይመስለኝም። ቡናው ባይጨምር እንኳ ቦታ ይገባቸዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲታወጅ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የብዙ ወጣቶች ኅብረት በየክረምቱ ቲሸርት ለብሶ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሣል። መትከሉ ቀላሉ ነው፤ በጥር ግን ማንም ፎቶ አያነሣም። እንዲጸድቅ ከፈለጋችሁ በትንሹ ጀምሩ። ግራዋ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይበቅላል፤ ችግኝ መግዛት አያስፈልግም። ከግድግዳው ሥር ዳማከሴና በሶብላ ይሁን። አንድ ብሳና ወይም ዋንዛ ከመኪና ማቆሚያው ራቅ አድርጉ። መጭና አደይ አበባውን ዘር ሳያራግፉ አታጭዱ፤ ጥበቃውንም «አረም ነው» ብሎ እንዳይነቅለው አስቀድማችሁ ንገሩት። አንድ ጥግ አፈሩ ሳይቆፈርና ሲሚንቶ ሳይነካው ይቅር።

ከዚያ በፊት ግን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ወረቀት አውጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት በየሳምንቱ ሁለት ጀሪካን ውሃ የሚሸከመው ማን ነው? ፈተና ሲደርስስ ማን ይተካዋል? ስሞቹን ጻፉና ከኳየሩ የልምምድ ፕሮግራም ጎን ለጥፉት።